ክሌመንስ ቪንክለርና ከመቶ የጎደለው ሰባት እጅ

በማዕድን ምርመራ ሥራ የተሰማራ ባልደረባ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ የአንድ ማዕድን ክፍሎች ተለይተው ከተመዘኑ በኋላ ሲደመሩ ከመቶ መቶ ሊሞሉ ይገባል። ድምሩ ያነሰ እንደሆነ አብዛኞቻችን ሚዛኑን፣ ማጣሪያውን ወይም የገዛ እጃችንን እንወቅሳለን። የጀርመናዊው ኬሚስት የክሌመንስ ቪንክለር ስም እስከ ዛሬ የሚነሣው ግን እንዲህ ያለውን ጉድለት በቸልታ ለማለፍ እንቢ በማለቱ ነው።

ቪንክለር እ.ኤ.አ. በ1838 በሳክሶኒ፣ በፍራይበርግ ከተማ ተወለደ። በዚያ አገር ብር የተገኘው በ1168 ሲሆን፣ ስመ ጥሩው የማዕድን አካዳሚም በ1765 ተቋቁሟል። የአካባቢው ማዕድን የተፈጠረው ከምድር ጥልቀት የመነጨ ትኩስ ጨዋማ ውሃ በዓለት ስንጥቆች ውስጥ ሲዘዋወር ነው። ውሃው እየቀዘቀዘና ኬሚካዊ ጠባዩ እየተለወጠ ሲሄድ አሟሙቶ የያዛቸውን ብረታ ብረት በስንጥቆቹ ግድግዳ ላይ አስቀመጠ። እርሳሱ ከድኝ ጋር ተዋሕዶ ጋሌና፣ ዚንኩም ስፋለራይት ሆነ። ብሩ ከፊሉ በጋሌናው ውስጥ እንደ ረቂቅ ቅንጣት ተሰገሰገ፤ ከፊሉ ደግሞ ከድኝ፣ ከአንቲሞኒና ከአርሴኒክ ጋር ተጣምሮ ራሳቸውን የቻሉ የብር ማዕድናትን አስገኘ። ከእነዚህም አንዱ ፍራይበርጋይት ሲሆን፣ ስሙን ያገኘው ከዚህችው ከተማ ነው።

አባቱ በኮባልት ሰማያዊ ቀለም ፋብሪካ የሚሠራ የኬሚስትሪና የብረታ ብረት ባለሙያ ስለ ነበር ልጁ ከማቅለጫ ምድጃ ጋር ተላምዶ አደገ። ከ1857 ጀምሮ በአካዳሚው ተማረ፤ በቀለም ፋብሪካዎችም ለዓመታት ከሠራ በኋላ በ1873 ወደ አካዳሚው ተመልሶ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር ሆነ። የጋዝ ምርመራ ዘዴዎችን አሻሻለ። ከማቅለጫዎች የሚወጣው የድኝ ጭስ ደንና አዝመራ ያበላሽ ስለ ነበር፣ ይህን ጋዝ በፕላቲነም ረዳትነት ወደ ሰልፈሪክ አሲድ ስለ መለወጥ ያደረገውን ጥናት በ1875 አሳተመ። ጎጂውን ትርፍ ጠቃሚ የማድረግ ዝንባሌው ከዚህ ይታያል።

በ1885 በከተማው አጠገብ በሚገኘው በሂመልስፉርስት ማዕድን ማውጫ ከዚያ በፊት ያልታወቀ የብር ማዕድን ተገኘ። የአካዳሚው የማዕድን ሊቅ አልቢን ቫይስባህ አርጂሮዳይት ብሎ ሰየመውና ለምርመራ ለቪንክለር ሰጠው። ቪንክለር ከመቶ 75 እጅ ያህል ብር፣ 17 እጅ ያህል ድኝ፣ ጥቂት ብረት፣ ዚንክና ባዝቃ አገኘበት። ድምሩ ግን 93 ብቻ ሆነ። ምርመራውን ደጋገመው፤ ሰባቱ እጅ ግን ሁልጊዜ ይጎድላል።

ጉድለቱ ሳይለዋወጥ መደጋገሙ ስሕተት አለመሆኑን አስረዳው፤ የአጋጣሚ ስሕተት እንዲህ ያለ ጽናት የለውምና። ያልታወቀ ንጥረ ነገር መኖሩን አምኖ ክረምቱን በሙሉ ፈለገው። ችግሩ የአዲሱ ንጥረ ነገር የድኝ ውሁድ በውሃ የሚሟሟ በመሆኑ እጥበት ላይ አብሮ መፍሰሱ ነበር። በመጨረሻ ማዕድኑን ከሶዳና ከድኝ ጋር አቅልጦ በውሃ አሟሟው፤ አንቲሞኒና አርሴኒክን የመሳሰሉትን ለይቶ ካስወገደ በኋላ በተጣራው ፈሳሽ ላይ ብዙ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ቢጨምርበት ነጭ ዝቃጭ ወረደ። ቀኑም የካቲት 6 ቀን 1886 እ.ኤ.አ. ነበር። ዝቃጩን በሃይድሮጅን አግሎ ግራጫ ብረት አስገኘ፤ በአገሩም ስም ጀርማኒየም አለው።

ሩሲያዊው ሜንዴሌየቭ ከሲሊኮን በታች ያለውን ባዶ ቦታ የሚሞላ ንጥረ ነገር እንደሚገኝ በ1871 ተንብዮ ነበር። ሆኖም ቪንክለር በመጀመሪያ ግኝቱን በአንቲሞኒና በቢስመት መካከል ሊያስቀምጠው አሰበ፤ ሜንዴሌየቭ ራሱም ሌላ ቦታ ገመተለት። ክርክሩን የፈታው ሥልጣን ሳይሆን ልኬት ነው። የአቶም ክብደቱ 72 እንደሚሆን ተተንብዮ 72.32 ሆኖ ተገኘ፤ እፍግታው 5.5 ተብሎ 5.47 ሆነ፤ ክሎራይዱም ከ100 ዲግሪ በታች ይፈላል ተብሎ በ86 ዲግሪ ፈላ። ቪንክለር የመጀመሪያ ግምቱን ያለ ማመንታት ተወ። የንጥረ ነገሮች ሠንጠረዥም ከዚያ ወዲህ የሚጠራጠረው ጥቂት ሆነ።

ቪንክለር ከ1896 እስከ 1899 አካዳሚውን መራ፤ በ1904 በድሬዝደን ከተማ ዐረፈ። ጀርመን በ1870ዎቹ የብር ገንዘብን በወርቅ ከተካች ወዲህ የብር ዋጋ እየወደቀ ስለ ሄደ፣ የፍራይበርግ የብር ማዕድን ሥራ በ1913 ቆመ። በኋላ ስለ እርሳስና ስለ ዚንክ ሲባል እንደገና ቢጀመርም በ1969 ለመጨረሻ ጊዜ ተዘጋ። ከብሩ አጠገብ የተገኘው ጀርማኒየም ግን በ1947 የመጀመሪያው ትራንዚስተር ተሠራበት፤ ዛሬም ለኢንፍራሬድ መሣሪያዎችና ለኦፕቲካል ፋይበር ያገለግላል። ከዋነኞቹ ምንጮቹም አንዱ ስፋለራይት ሲጣራ የሚተርፈው ቅሪት ነው።

እንግዲህ በየምርመራ ወረቀታችን ግርጌ ላይ የምንጽፈው ድምር ከመቶ ባነሰ ጊዜ፣ ቁጥሩን ከማስተካከላችን በፊት ምርመራውን አንድ ጊዜ መድገም ይገባናል። ጉድለቱ ተለዋዋጭ ከሆነ የእጃችን ነው፤ ከጸና ግን የማዕድኑ ሊሆን ይችላል።