አንድ ቦታ ለሦስት አህጉር

በ2022 የዓለም ዋንጫ ሞሮኮ ፖርቱጋልን ስታሸንፍ እዚህ ብሉሚንግተን ቤታችን ከልጄ ጋር እያየሁ ነበር (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጅ ነው)። ለአፍሪካ ለምን አምስት ቦታ ብቻ እንደተሰጠ ጠየቀኝ። ስለ አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ነገርኩት።

የባለቅኔው የተሰማ እሸቴ ልጅ ናቸው፤ በ1921 ጅማ ተወለዱ። ለቅዱስ ጊዮርጊስ 23 ዓመት ተጫወቱ። በ1962 አዲስ አበባ ላይ ግብጽን በጭማሪ ሰዓት 4 ለ 2 ረትቶ የአፍሪካን ዋንጫ የወሰደውን ቡድናችንን አሠለጠኑ። ከ1972 እስከ ዕረፍታቸው፣ እስከ 1987፣ የአፍሪካን እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን መሩ።

ለእኔ ግን ትልቁ ነገር ያልተደረገው ጨዋታ ነው። ለ1966ቱ የዓለም ዋንጫ ፊፋ ለአፍሪካ፣ ለእስያና ለኦሺንያ በድምሩ አንድ ቦታ ሰጠ። መሐንዲስ ነኝና ይህ ሒሳብ አይዋጥልኝም። እሳቸውና ጋናዊው ኦሄኔ ጃን አስተባብረው አፍሪካ ከማጣሪያው ቀረች። ለ1970 የራሷ አንድ ቦታ ተሰጣት። ያንን ቦታ አሸንፋ ሜክሲኮ የሄደችው ይህችው ሞሮኮ ነበረች።