ከእንስሳት ጎራ ወደ ዕፀዋት ዓለም፦ ሩዶልፍ አማንዱስ ፊሊፒ እና የኮራላይን ቀይ ዋቅላሚዎች ምደባ

በባሕር ውስጥ አለቶች ላይ እንደ ሐምራዊ ቅብ ተለጥፈው የሚታዩት ኮራላይን ቀይ ዋቅላሚዎች (አልጌዎች) ሊቃውንትን ለረጅም ዘመን ሲያከራክሩ ኖረዋል። የህዋሳቸው ግድግዳ ማግኒዥየም በበዛበት ካልሳይት የተሞላ በመሆኑ እንደ ድንጋይ ይጠነክራሉ። ካርል ሊኔየስ ኮራሊና የተሰኘውን ወገን ከእንስሳት ጋር መድበውት ነበር። ላማርክም እ.ኤ.አ. በ1801 ድንጋይ መሰሎቹን ኑሊፖራ፣ ማለትም ቀዳዳ አልባ፣ ብለው ሲሰይሟቸው ከእንስሳት ጎራ አላወጧቸውም። ይህን ምደባ በማስረጃ ከሞገቱት መካከል ጀርመናዊው ሩዶልፍ አማንዱስ ፊሊፒ ጉልህ ስፍራ አላቸው።

ፊሊፒ እ.ኤ.አ. በ1808 በርሊን አጠገብ በምትገኘው ሻርሎተንቡርግ ተወለዱ። በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ ውስጥ ኢቨርዶን በሚገኘው በፔስታሎትሲ ትምህርት ቤት ተማሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1830ም በርሊን ውስጥ የሕክምና ትምህርታቸውን ፈጸሙ። ይሁንና ጤናቸው በመታወኩ ወደ ጣሊያን ተጓዙ። በሲሲሊ ቆይታቸው የባሕር እንስሳትን ዛጎሎች ሰበሰቡ፤ የዚያ ስብስብ ፍሬ የሆነው የሲሲሊ ዛጎል ለበስ እንስሳት መጽሐፍ የመጀመሪያ ክፍል እ.ኤ.አ. በ1836 ታተመ። ሕክምናን ትተው በካሰል ከተማ የተፈጥሮ ታሪክ መምህር ሆኑ።

እ.ኤ.አ. በ1837 ፊሊፒ ኑሊፖራዎች ዕፀዋት መሆናቸውን የሚያስረዳ አጭር ጽሑፍ አሳተሙ። በዚሁ ጽሑፍ ሁለት ወገኖችን ሰየሙ፤ ቁጥቋጦ መሰሎቹን ሊቶታምኒዮን፣ ቅጠል መሰል ጠፍጣፋዎቹን ደግሞ ሊቶፊሉም አሏቸው። ስሞቹ በግሪክኛ የድንጋይ ቁጥቋጦና የድንጋይ ቅጠል እንደማለት ናቸው። የዛጎል ለበስ እንስሳት አጥኚ የነበሩት ሰው ከእንስሳት ጎራ አንድን ምድብ አውጥተው ለዕፀዋት ተመራማሪዎች አስረከቡ።

የካሰሉ ኑሯቸው ግን አልዘለቀም። ለዘብተኛ የፖለቲካ አቋም ስለነበራቸው ከ1848ቱ አብዮት በኋላ በተከተለው ጫና አገራቸውን ለቀው እ.ኤ.አ. በ1851 ቺሊ ገቡ። እ.ኤ.አ. በ1853 በሳንቲያጎ የብሔራዊ ቤተ መዘክር ኃላፊ ሆኑ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ የአታካማን በረሃ ለማጥናት ዘመቱ። የቺሊን ዕፀዋት፣ እንስሳትና ቅሪተ አካላት በመሰየም ከቆዩ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1897 የቤተ መዘክሩን ኃላፊነት ልጃቸው ፌዴሪኮ ተረከቡ። ፊሊፒ እ.ኤ.አ. በ1904 በ95 ዓመታቸው በሳንቲያጎ አረፉ።

ፊሊፒ የሰየሟቸው ሁለት ወገኖች ዛሬም በሥራ ላይ ናቸው፤ የተለዩበት መስፈርት ግን ተለውጧል። አንዱ ዝርያ እንደ ብርሃኑና እንደ ማዕበሉ ጠፍጣፋም ቅርንጫፋማም ሊሆን ስለሚችል ውጫዊ ቅርጽ አስተማማኝ መለያ አይደለም። አሁን ሊቶፊሉም የሚታወቀው አጎራባች ህዋሳቱ በሁለተኛ ደረጃ ጉድጓዳዊ ትስስር በመያያዛቸውና ስፖር የሚይዙት ጎድጓዳ ክፍሎቹ ባለ አንድ ቀዳዳ በመሆናቸው ነው። በሊቶታምኒዮን ግን አጎራባች ህዋሳት ይዋሃዳሉ፤ አራት አራት ስፖር የሚያፈሩት ክፍሎችም ባለ ብዙ ቀዳዳ ናቸው። የዘረመል ጥናትም በመልክ አንድ የሚመስሉ ናሙናዎች የተለያዩ ዝርያዎች ሆነው እንደሚገኙ እያሳየ ነው።

ጉዳዩ የስያሜ ብቻ አይደለም። ኮራላይን ዋቅላሚዎች ከሐሩር ባሕሮች እስከ ዋልታዎች ይገኛሉ፤ በባሃማስ እስከ 268 ሜትር ጥልቀት ድረስ ታይተዋል። የኮራል ሪፎችን እንደ ሲሚንቶ ያያይዛሉ፤ ለብዙ የኮራል እጮችም ማረፊያን ያመለክታሉ። ማግኒዥየም የበዛበት ካልሳይት በቀላሉ ስለሚሟሟ የባሕር ውኃ አሲዳማነት ሲጨምር ቀድመው ከሚጎዱት መካከል ናቸው። የትኛው ዝርያ እንደሚቋቋምና የትኛው እንደሚጠፋ ለመናገር ደግሞ አስቀድሞ ዝርያዎቹን በትክክል መለየት ያስፈልጋል። ለዚህም ተመራማሪዎች ለጥንቶቹ ስሞች መሠረት የሆኑትን፣ በቤተ መዘክርና በዕፀዋት ማከማቻ የተቀመጡ ናሙናዎች በዘረመል ዳግም ይመረምራሉ። ፊሊፒ ከሁለት ምዕት ዓመት ገደማ በፊት የጀመሩት ሥራ በዚህ መልኩ ቀጥሏል።