ዊሊያም ሃርቪ
ዊሊያም ሃርቪ (1578 – 1657 እ.ኤ.አ.) የደም ዝውውርን ያስረዳ እንግሊዛዊ ሐኪም ነበር። በካምብሪጅና በጣልያን አገር በፓዶቫ ተማረ። የፓዶቫ መምህሩ ፋብሪሲየስ በደም መልሶች ውስጥ ያሉትን ቫልቮች ቢያጠናም ጥቅማቸውን በትክክል አልተረዳም ነበር።

በዚያን ዘመን ሐኪሞች የጋሌንን ትምህርት ተከትለው፣ ደም በጉበት እየተሠራ በሰውነት ውስጥ ያልቃል ብለው ያምኑ ነበር። ሃርቪ ክንድ በማሰርና ልብ የሚረጨውን ደም በማስላት ያው ደም እንደሚዘዋወር፣ ቫልቮቹም ወደ ልብ ብቻ እንደሚያሳልፉት አሳየ። ይህንንም በ1628 እ.ኤ.አ. አሳተመ፤ ብዙ ሐኪሞች ተቃወሙት።

የእግር ደም ሥር ማበጥ ምክንያት የታወቀው በዚህ ግኝት መሠረት ነው፦ ቫልቮቹ ሲደክሙ ደም ወደ ታች ተመልሶ ይጠራቀማል። ሰው ሲራመድ ግን የባት ጡንቻ ደሙን ወደ ላይ ይገፋዋል።