ዴኒስ ፊንች ሃተን፤ የሳፋሪ ጉዞ ቀያሽ (1887–1931)

በምሥራቅ አፍሪካ የአራዊት ጉብኝት ታሪክ ሲነሣ የዴኒስ ፊንች ሃተን ስም ሳይጠቀስ አይታለፍም። ይሁን እንጂ ብዙው ሰው ስሙን የሚያውቀው ካረን ብሊክሰን በ1937 ካሳተመችው የኬንያ ትዝታዋና ከዚያው ተነሥቶ በ1985 ከተሠራው ፊልም በመሆኑ፣ በዓይነ ኅሊናው የሚመጣለት መልከ መልካም ፍቅረኛ፣ አንድ ግራሞፎንና አንዲት ትንሽ አይሮፕላን ናቸው። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሰውየው ይተዳደርበት የነበረው ሥራ ግን እምብዛም አይነገርም። ከ1925 ጀምሮ እስከ ሕይወቱ ፍጻሜ ድረስ ሥራው ገንዘብ ያላቸውን እንግዶች ተቀብሎ፣ መንገድ በሌለበት ምድር ለሳምንታት አዘዋውሮ፣ ሊያዩ የመጡትን አራዊት አሳይቶ በጤና መመለስ ነበር። የስሌትና የኃላፊነት ሥራ ስለሆነ ለመሐንዲስ እንግዳ አይሆንበትም።

ፊንች ሃተን በ1887 አፕሪል 24 ቀን ለንደን ውስጥ ተወለደ። አባቱ ሄንሪ ፊንች ሃተን በኋላ 13ኛው የዊንቺልሲ ኧርል ለመሆን የበቃ መስፍን ሲሆን፣ ዴኒስ ሁለተኛ ወንድ ልጅ በመሆኑ በእንግሊዝ መሳፍንት ልማድ መሠረት ማዕረጉም ርስቱም የታላቅ ወንድሙ ድርሻ ነበር። በኢተን ትምህርት ቤት በስፖርትም በሙዚቃም ስመ ጥር ተማሪ ሆነ፤ ቀጥሎ በገባበት በኦክስፎርዱ ብሬዝኖዝ ኮሌጅ ግን ለትምህርቱ ብዙ ሳይጨነቅ በዝቅተኛ ማዕረግ ተመረቀ። ርስት የሌለው፣ ለቢሮ ሥራም ልቡ ያላዘነበለ ወጣት መስፍን በዚያ ዘመን ብዙ ጊዜ መርከብ ይሳፈር ነበር። እሱም በ1910 ወደ እንግሊዝ ምሥራቅ አፍሪካ፣ ማለት ወደ ዛሬዋ ኬንያ ተሻግሮ አገሩን ካየ በኋላ በ1911 ተመልሶ ሄደ። በስምጥ ሸለቆው ምዕራብ በኤልዶሬት አካባቢ መሬት ገዛ፤ በየገጠሩ ትንንሽ ሱቆች በማቋቋም ንግድም ገንዘቡን አዋለ። ነገር ግን አራሽም ነጋዴም አልወጣውም። ጊዜውን የወሰደው አደን ነበር።

የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሲነሣ በጀርመን ምሥራቅ አፍሪካ ወሰን ላይ በፈቃደኞች ጦር ውስጥ ተዋጋ፤ ከዚያም የጄኔራል ሆስኪንስ ረዳት መኮንን ሆኖ አገለገለ፤ የወታደራዊ መስቀል ኒሻንም ተሸለመ። በ1917 ጄኔራሉን ተከትሎ ወደ ሜሶፖታሚያ ሄደ፤ በ1918 ደግሞ ግብፅ ውስጥ የበረራ ትምህርት ጀመረ። ካረን ብሊክሰንን ያወቃት በዚያው ዓመት በአፕሪል ወር ናይሮቢ በሚገኘው የሙታይጋ ክበብ ነው። እሷ ዴንማርካዊት ባላባት፣ በንጎንግ ኮረብቶች ሥር የቡና እርሻ የምታስተዳድር ነበረች። ከ1920ዎቹ አጋማሽ በኋላ መጻሕፍቱንና ዕቃውን በእሷ ቤት አኖረ፤ ከጉዞ ወደ ጉዞ በሚሸጋገርበት ጊዜም የሚያርፈው እዚያ ነበር። ስለዚህ ወዳጅነት ብዙ ስለ ተጻፈ እዚህ መድገም አያስፈልግም።

ሳፋሪ ከዓረብኛ ወደ ስዋሂሊ የተሻገረ ቃል ሲሆን ትርጉሙ ጉዞ ነው። ለአማርኛ ተናጋሪ ጆሮ ግን ሰፈርን ያስታውሳል። አለቦታውም አይደለም፤ አሰናጁ ካርታውን ዘርግቶ አስቀድሞ የሚጠይቀው ሰፈሩ የት ይጣላል፣ ውሃውስ ከሰፈሩ ምን ያህል ይርቃል የሚለውን ነውና። ከጦርነቱ በፊት ይህ ሥራ በሰው ትከሻ ላይ የቆመ ነበር። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት ሥልጣኑን በለቀቀበት በ1909 ኬንያ ገብቶ ሲጓዝ ከሁለት መቶ በላይ ሸካሚዎች ተከትለውት ነበር፤ የአራዊቱ ቆዳ እንዳይበላሽ የተጫነው ጨው ብቻ አራት ቶን ይመዝን ነበር። አንድ ሸካሚ የሚይዘው ጭነት 60 ፓውንድ፣ ማለት 27 ኪሎ ግራም ያህል ነው። ይህ ሰው በቀን ሦስት ሩብ ኪሎ ያህል ዱቄት ቢመገብ፣ የተሸከመው ሁሉ ስንቅ ቢሆን እንኳ ከአርባ ቀን በፊት ብቻውን ይጨርሰዋል። ስለሆነም ከተወሰነ ርቀት በኋላ ሸካሚን በሸካሚ ላይ መጨመር ትርፉ አፍ ማብዛት ይሆናል፤ በመንገድ ላይ ስንቅ ካልተከማቸ ወይም ሥጋ በአደን ካልተገኘ ጉዞው በራሱ ክብደት ይቆማል። ሸካሚውን በበሬና በፈረስ ለመተካት ደግሞ በብዙው የአደን ምድር ገንዲ የሚያስተላልፈው የቆላ ዝንብ አያስችልም ነበር።

ፊንች ሃተን በዚህ ሙያ መተዳደር የጀመረው አውቶሞቢል ይህን ሥርዓት በመለወጥ ላይ ባለበት ጊዜ ነው። የጭነት መኪናው ጥያቄውን አቃለለው እንጂ አላስቀረውም። ሸካሚው ዱቄት እንደሚበላ ሁሉ መኪናውም ቤንዚን ይጠጣል፤ ቤንዚኑን የሚጭን ሌላ መኪና ያስፈልጋል፤ ለሁለቱም ትርፍ ጎማ፣ ትርፍ ባሌስትራና ለራዲያተሩ የሚሆን ውሃ ይጫናል። ከማርች እስከ ሜይ ባለው ረጅሙ ዝናብና በዓመቱ መጨረሻ በሚመጣው አጭሩ ዝናብ ወራት ደግሞ የሜዳው ዋልካ አፈር እስከ መሽከርከሪያው መሐል ይውጣል። የዋልካን ጠባይ መንገድ የሠራ ሁሉ ያውቀዋል። እንግዳው በለንደን ወይም በኒው ዮርክ ተቀምጦ የመምጫውን ቀን ሲወስን ይህን አይገምትም፤ በመርከብ ሞምባሳ ይደርሳል፣ 530 ኪሎ ሜትር ያህል በባቡር ተጉዞ ናይሮቢ ይገባል፣ በማግሥቱም አንበሳ ማየት ይፈልጋል። በእንግዳው ፍላጎትና በአፈሩ መካከል ቆሞ የማስታረቁ ሥራ የመሪው ነው።

የመሪው ግዴታ በዚህ አያበቃም። የአደን ፈቃዱ ከእያንዳንዱ አውሬ ስንት መግደል እንደሚቻል ይወስናል፤ ያንን ማስከበር የእሱ ፈንታ ነው። እንግዳው ጎሽ አቁስሎ ቢስት፣ የቆሰለውን ጎሽ ጥሻ ውስጥ ተከታትሎ መጨረስም የእሱ ዕጣ ነው። ማታ ደግሞ በእሳት ዳር ጨዋታ አዋቂ መሆን አለበት። በዚህ በኩል ፊንች ሃተን የተዋጣለት ነበር። ከእንግዶቹ አንዱ በ1927 የመጣው የአሜሪካው የገንዘብ መመዝገቢያ መኪና ኩባንያ ፕሬዚዳንት ፍሬደሪክ ፓተርሰን ሲሆን፣ የጉዞውን ታሪክ በሚቀጥለው ዓመት በመጽሐፍ አሳትሞታል።

ስሙን በሰፊው ያስነሣው ግን የእንግሊዙ አልጋ ወራሽ ልዑል ኤድዋርድ በ1928 ያደረገው ጉዞ ነው። ልዑሉ ከሰልፍና ከአቀባበል አምልጦ እንደ አንድ የግል እንግዳ ማደን ፈለገ፤ ፊንች ሃተንም ጉዞውን እንዲመራ ተመረጠ። ረዳት አድርጎ የቀጠረው የካረን ብሊክሰንን የቀድሞ ባል ብሮር ብሊክሰንን ነበር። ይህ ምርጫ በግል ሕይወቱ ምን ያህል ቅሬታ እንዳመጣበት መገመት አያዳግትም፤ ሆኖም ብሮር ታንጋኒካን ጠንቅቆ የሚያውቅ አዳኝ ስለነበረ ከሥራው አንጻር ሲታይ ምርጫው ትክክል ነው። በኖቬምበር ልዑሉ ታንጋኒካ ውስጥ ሳለ አባቱ ንጉሥ ጆርጅ 5ኛ በጽኑ እንደታመመ የሚገልጽ ቴሌግራም ደረሰ። ጉዞው ተቋርጦ ልዑሉ ከዳሬሰላም በጦር መርከብ ወደ አገሩ ተመለሰ። በ1930 መጀመሪያ የቀረውን ለመፈጸም ዳግመኛ ሲመጣም መሪው ያው ፊንች ሃተን ነበር። በዚህኛው ጉዞ ጠመንጃው ቦታውን በከፊል ለፊልም ካሜራ ለቀቀ።

ይህ ለውጥ የልዑሉ አምሮት ብቻ አልነበረም። በእነዚያ ዓመታት አውቶሞቢል ከማጓጓዣነት አልፎ መግደያ መሣሪያ ሆኖ ነበር። አንበሳ በእግሩ የሚመጣን ሰው ከሩቅ ለይቶ ይሸሻል ወይም ይዘጋጃል፤ መኪናን ግን እንደ ጠላት አይቆጥርም፤ ጥቂት እርምጃ እስኪቀረው ቢጠጉት ከተጋደመበት አይነሣም። ሴሬንጌቲ ደግሞ ገላጣ ሜዳ በመሆኑ በደረቁ ወራት መኪና እንደ ልብ ይሄድበታል። ስለዚህ ዱካ መከተል የማያውቅ፣ በእግሩ አንድ ሰዓት ተጉዞ የማያውቅ ሰው ከወንበሩ ሳይነሣ በአንድ ማለዳ ብዙ አንበሳ መጣል ቻለ። ፊንች ሃተን በ1929 በለንደኑ ታይምስ ጋዜጣ ላይ በጻፋቸው ደብዳቤዎች ይህን ግድያ አጋለጠ፤ ከታንጋኒካ አስተዳደር ጋርም በአደባባይ ተከራከረ።

ከክርክሩ ይልቅ የሚደንቀው መፍትሔው ነው። አንበሳውን ለጥይት አሳልፎ የሰጠው አለመፍራቱ፣ ለካሜራም ያንኑ ያህል ያመቸዋል። መኪናው ሳይለወጥ፣ ሜዳውም ሳይለወጥ፣ በመስኮት የሚወጣው መሣሪያ ብቻ ቢቀየር ያው ጉዞ ሌላ ጉዞ ይሆናል። ፊንች ሃተን ይህን በወረቀት ላይ አልተወውም፤ እንግዶቹን ወደዚያው መራ፣ ራሱም ፎቶግራፍ አነሣ። ዛሬ በምሥራቅ አፍሪካ ሜዳዎች የሚደረገው ጉብኝት ሁሉ የቆመው በዚህ ቀላል ግንዛቤ ላይ ነው።

ፍጹም ሰው ነበር ለማለት ግን አይቻልም። ትልልቅ የዝሆን ጥርስ ለሚሹ እንግዶች መንጋ መፈለጉን እስከ መጨረሻው አላቆመም። የሚዘዋወርበት ምድርም ሰው አልባ አልነበረም፤ የማሳይ ሕዝብ በ1904 እና በ1911 ከግጦሽ መሬቱ ተነሥቶ ነበር፤ የቅኝ ግዛቱ የአደን ሕግም ፈቃድ የገዛውን እንግዳ አዳኝ ሲል፣ በቀስት የሚያድነውን የአገሩን ተወላጅ ሌባ ይለው ነበር። ድንኳኑን የተከሉት፣ ውሃውን የቀዱት፣ ዱካውን ያነበቡት ሰዎች ከጥቂቶች በስተቀር በመጻሕፍቱ ውስጥ ስም የላቸውም። ከእነዚያ ጥቂቶች አንዱ አገልጋዩ ሐሚሲ ነው፤ እሱም የሚታወቀው አብሮት ስለሞተ ነው።

በ1930 ፊንች ሃተን ጂፕሲ ሞዝ የምትባል የዴ ሃቪላንድ አይሮፕላን ገዝቶ ወደ ኬንያ አስመጣ። ባለ ሁለት ድርብ ክንፍ፣ አካሏ ከእንጨትና ከሸራ የተሠራ፣ ሞተሯ 100 የፈረስ ጉልበት ያህል የነበረው፣ ክፍት በሆኑ ሁለት መቀመጫዎች ሁለት ሰው የምትይዝ ናት። ምልክቷ ጂ-ኤባክ ነበር። ካረን ብሊክሰንን ይዞ በእርሻው፣ በንጎንግ ኮረብቶችና በናትሮን ሐይቅ ላይ በረረ። ዋናው ዓላማው ግን የሥራ ነበር፤ ዱካ አንባቢ በእግሩ በብዙ ቀን የሚያስሰውን ጥሻ አይሮፕላን በአንድ ማለዳ ይዳስሰዋል፤ የዝሆኑ መንጋ ያለበት አስቀድሞ ከታወቀ እንግዳው ቀኑን በከንቱ አያሳልፍም፣ ቤንዚኑም ይተርፋል።

በ1931 ሜይ ወር ይህን ሐሳብ በተግባር ሊፈትን ወደ ባሕሩ ዳርቻ በረረ፤ ከዚያም ወደ ቮይ አልፎ ዝሆን ሊያስስ አቅዶ ነበር። ካረን አብራው ልትሄድ ፈልጋ ነበር፤ እሱ ግን ማረፊያው ጥሻ ውስጥ ስለሆነ ጉዞው እንደማይመቻት ነግሮ አስቀራት። በኋላ እንደጻፈችው ባሕሩ ዳር ሲያርፍ ፕሮፔለሩ በኮራል ድንጋይ ተላጠ። ወደ ናይሮቢ ቴሌግራም መታ፤ መለዋወጫውን ይዞ የመጣ አንድ ወጣት ነበር። ፕሮፔለሩ ከተገጠመ በኋላ ፊንች ሃተን አብሮት እንዲበር ቢጠይቀው ወጣቱ፣ መብረር የለመደ ሆኖ ሳለ፣ እንቢ አለ። ፊንች ሃተን ቮይ ደረሰ፤ ዝሆኖቹንም አገኘ። ሜይ 14 ቀን ጠዋት ሐሚሲን ከፊት አስቀምጦ ወደ ናይሮቢ ለመመለስ ተነሣ። አይሮፕላኗ ከመሬት ከለቀቀች ከጥቂት ጊዜ በኋላ ተመልሳ ወድቃ ነደደች። ሁለቱም እዚያው ሞቱ። ፊንች ሃተን 44 ዓመቱ ነበር።

አስከሬኑ በንጎንግ ኮረብቶች ላይ፣ ራሱ ወዶት በነበረው ስፍራ ተቀበረ፤ ወንድሙም በኋላ የድንጋይ ሐውልት አቆመለት። እርሻዋ የከሰረው ካረን ብሊክሰን በዚያው ዓመት ኬንያን ለቃ ወጣች። ዝሆንን ከአየር የማሰሱን ዘዴ ብሮር ብሊክሰንና አብራሪዋ በሪል ማርካም ከጥቂት ዓመታት በኋላ መተዳደሪያ አደረጉት፤ ለጥርስ አዳኞች በጣም የጠቀመ፣ ለዝሆኖቹ ግን ክፉ ዘዴ ነበር። ከመቃብሩ ቁልቁል የሚታየው ሜዳ በ1946 የናይሮቢ ብሔራዊ ፓርክ ሆነ። የጻቮ በ1948፣ የሴሬንጌቲ ደግሞ በ1951 ተከተሉ። ኬንያ በ1977 የስፖርት አደንን በሕግ ከለከለች። ቮይ ዛሬ የጻቮ ምሥራቅ ፓርክ መግቢያ ከተማ ናት፤ ማለዳ በበሩ የሚያልፉት መኪናዎች የጫኑት ውሃ፣ ስንቅ፣ ትርፍ ጎማና ካሜራ ነው።