ኤላይጃ ማኮይ፦ ባቡር ሳይቆም ዘይት ያጠጣ ሰው

ከሃይፋ ወደብ ብዙም ሳይርቅ፣ በድሮው የሃይፋ ምሥራቅ ባቡር ጣቢያ ግቢ ውስጥ፣ የእስራኤል የባቡር ሙዚየም ይገኛል። ጣቢያው በኦቶማን ዘመን ከሃይፋ ተነሥቶ በቤት ሸአን በኩል ደርዓ ድረስ የሚሄደውና እዚያ ከሒጃዝ ባቡር ጋር የሚገናኘው መስመር መነሻ ነበር። መስመሩ ሥራ የጀመረው በ1905 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ወደ ሙዚየሙ የሚሄድ ሰው ብዙ ጊዜ ፎቶ የሚነሣው ሎኮሞቲቩ ፊት ለፊት ቆሞ ነው። እኛ ግን የድሮ ፉርጎ ያየ ሁሉ ጎንበስ ብሎ የመንኮራኩሩን ዘንግ ጫፍ ቢመለከት እንወዳለን። እዚያ ክዳን ያላት ወፍራም የብረት ሣጥን አለች። የዛሬው ታሪካችን ከዚያች ሣጥንና ከውስጧ ካለው ዘይት ይጀምራል።

የፉርጎ ክብደት ከነጭነቱ የሚያርፈው በዘንጎቹ ጫፎች ላይ ነው። በድሮው አሠራር ተልጎ የለሰለሰው የዘንጉ ጫፍ በነሐስ ኩሽኔታ ሥር ይሽከረከራል። ኩሽኔታው ከውስጥ ከቆርቆሮ፣ ከመዳብና ከአንቲሞኒ በተቀላቀለ ለስላሳ ብረት ይለበጣል። ሁለቱ ብረቶች በቀጥታ ከተፋጩ ስለሚበላሉ፣ በመካከላቸው ከፀጉር የቀጠነ የዘይት ሽፋን መኖር አለበት። ለዚህ ሲባል ሣጥኗ ከታች ዘይት ትቋጥራለች፤ በዘይት የራሰ የጥጥ ወይም የሱፍ ክርም ይታጨቅባታል። ክሩ እንደ ኩራዝ ክር ዘይቱን ወደ ላይ እየሳበ ዘንጉን ያብሰዋል። የተረፈው ዘይት ተመልሶ ወደ ሣጥኗ ወለል ይንጠባጠባል፣ ከኋላ ያለው የአቧራ መከላከያም ወደ ውጭ እንዳይፈስ ያግደዋል። ስለዚህ ያው ዘይት ደጋግሞ ይሠራል። በጥገና ቦታዎች ደግሞ የቆሸሸው ክር ወጥቶ ይጨመቃል፣ ይታጠባል፤ ዘይቱም ተጣርቶ ዳግም ሥራ ላይ ይውላል።

ዘይቱ ካነሰ ሣጥኗ ትግላለች፣ ትጨሳለች፣ ክሩ ይቀጣጠላል፤ ማንም ካላየ ዘንጉ ተሰብሮ ባቡሩ ከሐዲድ ይወጣል። ዘይቱ ከበዛም ኪሳራ ነው። ከገንዘቡ በላይ፣ ሐዲድ ላይ የፈሰሰ ዘይት መንኮራኩሩን ያንሸራትታል። በ19ኛው መቶ ዘመን ይህን ሚዛን የሚጠብቀው አፉ ረጅም የሆነ የዘይት ቆርቆሮ የያዘ ሰው ነበር። ባቡሩ በቆመ ቁጥር ወርዶ ሣጥኖቹን አንድ በአንድ ይዳስሳል፣ ያጠጣል። እንፋሎቱ የሚገባበት ሲሊንደር ደግሞ ከዘንጉም የባሰ ነበር፤ በውስጡ ከፍተኛ ግፊት ስላለ ባቡሩ እየሄደ ክዳን ከፍቶ ዘይት ማፍሰስ አይታሰብም። መንገደኛው በየጣቢያው የሚጠብቀው ሰውና ዕቃ እስኪወጣና እስኪወርድ ብቻ አልነበረም ማለት ነው፤ ዘይትም ይጠበቅ ነበር።

ኤላይጃ ማኮይ ከነዚህ ዘይት አጠጪዎች አንዱ ነበር። ሥራውን የያዘው ግን የተማረ መሐንዲስ ሆኖ ሳለ ነው።

የተወለደው በ1844 በካናዳ፣ ዛሬ ኦንታሪዮ በምትባለው ግዛት፣ ኮልቸስተር በተባለች መንደር ነው። አባቱ ጆርጅና እናቱ ሚልድረድ በአሜሪካ ኬንታኪ ግዛት በባርነት ይኖሩ የነበሩ ሰዎች ናቸው። ወደ ካናዳ የገቡት ሸሽተው ነው። የሸሹበት ስውር መረብ በእንግሊዝኛ የምድር ውስጥ ባቡር ይባላል፤ ሐዲድም ሆነ ፉርጎ ግን አልነበረውም። ሌሊት እየሄዱ ቀን የሚደበቁበት፣ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ቤት በአደራ የሚተላለፉበት መንገድ ነበር። ወላጆቻችን ከጎንደርና ከትግራይ ተነሥተው በሱዳን በኩል የመጡበትን ጉዞ ሲያወሩ እየሰማን ላደግን ለእኛ ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገንም። ሌሊት መሄድ፣ የማያውቁትን መሪ ማመን፣ ሕፃን እንዳያለቅስ መጨነቅ ቤታችን ውስጥ ያለ ወሬ ነው።

ማኮዮች አሥራ ሁለት ልጆች ነበሯቸው። ቤተ ሰቡ በኋላ ወደ አሜሪካ ተመልሶ በሚሺጋን ግዛት ኢፕሲላንቲ በምትባል ከተማ ኖረ። ኤላይጃ ከልጅነቱ መሣሪያ እየፈታ የሚገጥም ልጅ ነበርና ወላጆቹ አሥራ አምስት ዓመት ሲሆነው፣ በ1859፣ ባሕር አሻግረው ስኮትላንድ ኤዲንብራ ድረስ ለትምህርት ላኩት። ከባርነት አምልጠው ገና አንድ ትውልድ ያልሞላቸው ወላጆች ይህን ማድረጋቸው የሚያስደንቅ ነው። በዚያ ዘመን በአብዛኛው የአሜሪካ ደቡብ ክፍል ባሪያን ማንበብ ማስተማር በሕግ ያስቀጣ እንደነበር ማስታወስ ይበቃል። ልጁ በኤዲንብራ የመካኒካል ምህንድስናን ሙያ ተምሮ ተመለሰ።

ሥራ ፍለጋ የሄደው ወደ ሚሺጋን ሴንትራል የባቡር ኩባንያ ነበር። ለጥቁር ሰው የመሐንዲስነት ቦታ አልተሰጠም፤ የተሰጠው የእሳት አንዳጅነትና የዘይት አጠጪነት ሥራ ነው። በአካፋ ከሰል ወደ ምድጃው ይጥላል፣ ባቡሩ ሲቆም ደግሞ የዘይት ቆርቆሮውን ይዞ ይወርዳል።

እዚህ ላይ ጥቂት ቆም እንበል። ይህ ታሪክ በልጆች መጻሕፍት ሲነገር ማኮይ ውርደቱን ወደ ዕድል ለወጠው ተብሎ በፍጥነት ይታለፋል። እኛ እንዲህ ማለፉን አንወደውም። ከመካከላችን ዲግሪውን ይዞ ለቃለ መጠይቅ ሄዶ የጥበቃ ሥራ የቀረበለት ሰው አለ፤ በነገሩ ውስጥ ምንም የተደበቀ ስጦታ አላየበትም። ኩባንያው መሐንዲስ ሊሆነው የሚችለውን ሰው አካፋ አስይዞ ዓመታት አባክኗል። ማኮይ ስሙ ስለተረፈ እናውቀዋለን፤ እንደ እሱ ተምረው ከአካፋው ጋር የቀሩትን ግን ስማቸውን የጻፈላቸው የለም።

ያም ሆኖ ከሥራው ያተረፈው አንድ ነገር ነበር፦ ችግሩን ከማንም በላይ በቅርብ አየው። የሥዕል ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ መሐንዲስ ሲሊንደር ዘይት እንደሚፈልግ ያውቃል። ባቡሩ በቆመ ቁጥር ስንት ደቂቃ እንደሚባክን፣ ሲነሣ ዘይቱ በዝቶ እንደሚፈስ፣ ጥቂት እንደሄደ ደግሞ አልቆ ብረቱ መፋጨት እንደሚጀምር የሚያውቀው ግን አጠጪው ነው። አንድ ጊዜ ብዙ አፍስሶ ቀጥሎ ማስራብ ሳይሆን፣ በሥራው ልክ ጥቂት ጥቂት መስጠት ያስፈልግ ነበር።

ማኮይ በኢፕሲላንቲ ባለችው መሥሪያ ቦታው ሲሞክር ቆይቶ ጁላይ 23 ቀን 1872 የመጀመሪያውን የፈጠራ ባለቤትነት መብት፣ ቁጥር 129,843፣ ተቀበለ። አሠራሩ ቀላል ነው። ዘይት የያዘ ጽዋ ከሲሊንደሩ ጋር በቧንቧ ይገናኛል። በመካከሉ ከላይ ቫልቭ፣ ከታች ትንሽ ፒስተን ያለው ዘንግ አለ። ከሲሊንደሩ የሚመጣው እንፋሎት ፒስተኑን ሲገፋው ቫልቩ ይከፈትና ዘይቱ ይወርዳል። ዘይት ማውረድን አስቸጋሪ አድርጎት የነበረው ግፊት ራሱ የዘይቱ በር ከፋች ሆነ። ሞተሩ ሲሠራ ይጠጣል፣ ሲቆም መጠጣቱን ያቆማል፤ ሰው ወርዶ ማፍሰስ አይኖርበትም፣ ትርፍ ዘይትም አይባክንም።

እውነቱን ለመናገር ስለ ማኮይ የሚወራው ሁሉ ልክ አይደለም። በራሱ ዘይት የሚያጠጣ መሣሪያ በዓለም ላይ የመጀመሪያው የእሱ ነው የሚሉ አሉ፤ ነገር ግን እንግሊዛዊው ጆን ራምስቦተም በ1860 ለባቡር የሚሆን ሌላ ዓይነት አጠጪ አውጥቶ ነበር። ሪል ማኮይ የሚለው፣ አስመሳይ ያልሆነ ትክክለኛ ዕቃ ማለት የሆነው የእንግሊዝኛ አባባልም ከእሱ መሣሪያ የመጣ ነው ይባላል፤ የባቡር ሰዎች ቅጂውን ሳይሆን የማኮይን አምጡ ይሉ ነበር ተብሎ። ጥሩ ታሪክ ነው። ነገር ግን ማካይ በሚል ስም የተነገረ ተመሳሳይ አባባል በስኮትላንድ በ1856፣ ማለትም ከመጀመሪያው ፓተንት 16 ዓመት በፊት፣ ታትሞ ተገኝቷል። የሚያስቀው አባባሉ ልጁ ሊማር ከሄደበት አገር መምጣቱ ነው። ያለዚህ ተረትም ቢሆን የሰውየው ሥራ አያንስም፤ በሕይወቱ 57 ያህል ፓተንቶች አውጥቷል፣ አብዛኞቹም ስለ ዘይት ማጠጣት ናቸው። ከቀሩት መካከል ተጣጣፊ የልብስ መተኮሻ ጠረጴዛና የሣር ውኃ መርጫ ይገኙባቸዋል።

የቤቱ ኑሮ የተለያየ መልክ ነበረው። በ1868 ያገባት አን ኤሊዛቤት ስቱዋርት ከአራት ዓመት በኋላ፣ ፓተንቱ በወጣበት በዚያው ዓመት፣ ሞተች። በቀጣዩ ዓመት ሜሪ ኤሌኖራ ዴላኒን አግብቶ በ1882 ወደ ዲትሮይት ተዛወሩ። እዚያም ፈጠራውን ቀጠለ፤ ለባቡር ኩባንያዎችም ያማክር ነበር። ገንዘብ ግን አልነበረውም። ፋብሪካ የሚያቆምበት ካፒታል ስላጣ የብዙ ፓተንቶቹን መብት ለአሠሪዎቹ ወይም ለባለ ገንዘቦች አሳልፎ ሰጠ። በዚህ ምክንያት የእሱ ሐሳብ ያለባቸው ብዙ መሣሪያዎች ስሙ ሳይጻፍባቸው ተሸጡ።

በእኛ ወገን የሚጠይቅ ካለ ይህም እንግዳ ነገር አይደለም። ቤተ እስራኤል በኢትዮጵያ የርስት መሬት ተነፍገው ብረት ሲቀጠቅጡ፣ ሸክላ ሲሠሩና ሲሸምኑ ኖረዋል። የጎንደር ነገሥታት ግንብ ሲያስገነቡም ግንበኞቻቸውና አንጥረኞቻቸው እንደሠሩ ይነገራል። ማረሻውን ከእነሱ የሚገዛው ገበሬ ግን በዚያው በእሳት ሥራቸው ቡዳ እያለ ይሸሻቸው ነበር። ዕቃው ይፈለጋል፣ ሠሪው አይፈለግም። ከአያቶቻችን መካከል የስንቱ እጅ ሥራ ዛሬም በየገበሬው ቤት እንዳለ ማን ይቆጥረዋል?

ማኮይ ከሁሉ የሚበልጠውን ሥራውን ያወጣው በሰባ ዓመቱ ካለፈ በኋላ ነው። በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ሎኮሞቲቮች ከፍ ባለ ሙቀት እንዲደርቅ የተደረገ እንፋሎት መጠቀም ጀመሩ። ጉልበት ጨመረ፣ ከሰልም ተቆጠበ፤ ነገር ግን ያ ሙቀት ተራውን ዘይት ያቃጥለው ጀመር። መፍትሔው የግራፋይት ዱቄት ከዘይት ጋር መቀላቀል ነበር። ግራፋይት ግን ይረጋና ቧንቧውን ይደፍናል። ማኮይ ድብልቁ ሳይደፈን በተመጣጠነ መጠን የሚፈስበትን አጠጪ ሠርቶ በ1915 ፓተንት አገኘበት፤ እሱ ራሱም ከሥራዎቹ ሁሉ ይህን ያስበልጥ ነበር። በ1920 ደግሞ በመጨረሻ ስሙን የያዘ ኩባንያ በዲትሮይት አቋቋመ። ያኔ ዕድሜው 76 ነበር።

ደስታው አልቆየም። በ1922 እሱና ባለቤቱ ሜሪ የመኪና አደጋ ደረሰባቸው። እሷ በጉዳቱ ሞተች፣ እሱም ከዚያ ወዲያ በደንብ አላገገመም። የመጨረሻ ጊዜውን ከዲትሮይት ወጣ ብላ ባለችው በኤሎይዝ መጦሪያ ሆስፒታል አሳልፎ ኦክቶበር 10 ቀን 1929 በ85 ዓመቱ አረፈ።

በቀጣዩ ዓመት፣ በ1930፣ ቲምከን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ዘንጎቹ ሁሉ በሚንከባለሉ የኩሽኔታ ሲሊንደሮች ላይ የተቀመጡለትን ሎኮሞቲቭ ለማሳያ አሠራ። የዘይት ቆርቆሮና የራሰ ክር ዘመን ቀስ በቀስ ማለፍ ጀመረ። በእኛው ሰፈር ግን ገና ብዙ ዓመት ይቀረው ነበር። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ አንሥቶ በዚህ አገር ሐዲድ ላይ ከአሜሪካው የባልድዊን ፋብሪካ የመጡ ሎኮሞቲቮች ይሠሩ ነበር። አዲሱ የሃይፋ ወደብ በ1933 ከተከፈተ በኋላም ከመርከብ የወረደው ዕቃ የሚጓዘው በእንፋሎት ባቡር ነው። ሜይ 8 ቀን 1936 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከጣሊያን ወረራ ተሰደው በእንግሊዝ የጦር መርከብ ሃይፋ ሲደርሱ ወደ ኢየሩሳሌም የሄዱት በባቡር ነበር። ከስድስት ቀን በፊትም ከአዲስ አበባ ወደ ጅቡቲ የወጡት በባቡር ነው። በሁለቱም ጉዞ ከንጉሠ ነገሥቱ ሠረገላ ሥር ዘንጎቹን ያጠጣ፣ ሣጥኖቹን በእጁ የዳሰሰ አንድ ሠራተኛ እንደነበር መገመት አያዳግትም።

የማኮይ ስም በ2001 በአሜሪካ ብሔራዊ የፈጣሪዎች የክብር መዝገብ ውስጥ ገባ። በ2012 የአሜሪካ የፓተንት መሥሪያ ቤት ከዋናው ጽሕፈት ቤት ውጭ የመጀመሪያውን ቅርንጫፉን በዲትሮይት ሲከፍት፣ ቅርንጫፉ የተሰየመው በኤላይጃ ማኮይ ስም ነው።