ላውራ ባሲ፣ የቦሎኛዋ መምህርት

በዚህ ዕትም የምናስታውሳት ላውራ ባሲ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1711 ዓ.ም. በኢጣልያ፣ በቦሎኛ ከተማ ተወለደች። በአባቷ ቤት ሳለች ከቤተ ሰቡ ሐኪም ፍልስፍናን ተማረች። በ1732 ዓ.ም.፣ ገና የ20 ዓመት ወጣት ሳለች፣ በሊቃውንትና በከተማዋ ታላላቆች ፊት ቆማ 49 የፍልስፍና አንቀጾችን በላቲን ቋንቋ ተከራክራ አስረዳች። ዩኒቨርሲቲውም የዶክተርነት ማዕረግን፣ ቀጥሎም የተፈጥሮ ፍልስፍና መምህርነትን ሰጣት።

ይሁን እንጂ ሴት በመሆኗ ልዩ ፈቃድ ካልተሰጣት በቀር በአደባባይ እንዳታስተምር ተከለከለች። ስሙ ተሰጥቷት ሥራው ተነፈጋት ማለት ነው። በ1738 ዓ.ም. ሐኪሙን ጁዜፔ ቬራቲን አገባች፤ ባልና ሚስቱም በቤታቸው የመመርመሪያ መሣሪያዎችን አሰባሰቡ። ከ1749 ዓ.ም. ጀምሮ፣ ልጆቿን እያሳደገች፣ በዚያው ቤት የኒውተንን ትምህርት በሙከራ እያስረዳች ታስተምር ነበር። አየር ሲታመቅ የሚያሳየውን ጠባይ፣ የውኃን አፈሳሰስና የኤሌክትሪክን ኃይልም መረመረች።

የቦሎኛ ሊቀ ጳጳስ ሳሉ ያውቋት የነበሩት ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ቤነዲክቶስ 14ኛ በ1745 ዓ.ም. ለከተማዋ የሳይንስ አካዳሚ 24 ተመራማሪዎችን ሲመድቡ እርሷም አመለከተች፤ 25ኛ ሆና ተጨመረች። በ1776 ዓ.ም. የሙከራ ፊዚክስ መምህርነት በይፋ ተሰጣት፤ ይህም ከመጀመሪያው ሹመቷ 44 ዓመት በኋላ ነው። በወንበሩ ሁለት ዓመት እንኳ ሳትሞላ በ1778 ዓ.ም. ዐረፈች።

እኛም የማስተማር ስጦታ ያላቸውን እኅቶቻችንን በቃል ስናመሰግን፣ የሚያስተምሩበትን ስፍራ ሰጥተናቸው እንደ ሆነ ራሳችንን እንጠይቅ።