አተር ቆጣሪው መነኩሴ

ሕግ ስንማር ውርስ ማለት ቤትና መሬት ነበር። የቀለምን ውርስ ሕግ ያገኘው መነኩሴ መሆኑን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው።

ግሪጎር ሜንዴል እ.ኤ.አ. በ1822 ዛሬ ቼክ በምትባለው አገር ከገበሬ ቤተሰብ ተወለደ። በ1843 ገዳም ገባ፤ በ1850 የመምህርነት ፈተና ወደቀ። ከ1856 ጀምሮ ግን በገዳሙ ጓሮ አተር እያዳቀለ ሲቆጥር ዓመታት አሳለፈ። ሐምራዊ አበባ ያለውን ከነጩ ጋር ሲያዳቅል የመጀመሪያው ትውልድ በሙሉ ሐምራዊ ሆነ። በሁለተኛው 705 ሐምራዊና 224 ነጭ አገኘ፤ ሦስት ለአንድ ገደማ መሆኑ ነው። ነጩ ተደብቆ እንጂ ጠፍቶ አልነበረም። ዛሬ የበቆሎ እባብ የሚያራቡ ሰዎች ጥቁር ቀለም የሌለው ግልገል ከተደበቀባቸው ሁለት ወላጆች በአማካይ ከአራት አንድ እንደሚወጣ አስቀድመው የሚናገሩት በዚሁ ስሌት ነው።

ሜንዴል ግኝቱን በ1866 ቢያሳትምም ሰሚ አላገኘም። በ1868 አበምኔት ሆኖ ተሾመ፤ ምርምሩም ቀዘቀዘ። ከ1874 በኋላ በገዳማት ግብር ምክንያት ከመንግሥት ጋር ሲሟገት ቆይቶ በ1884 አረፈ። ዓለም የሰማው በ1900 ነው።

የሕግ ሰው ነኝና ሙግቱን አልንቅም። ሆኖም ለእነዚያ ዓመታት አዝናለሁ። እኛም ጎበዝ ተመራማሪ ባገኘን ቁጥር ወንበር ለመስጠት ስንጣደፍ ይህን መነኩሴ ብናስታውስ አይከፋም።